የውሰት ተጫዋች በባለቤቱ ላይ ይሰለፍ ወይስ አይሰለፍ?

ቅዳሜና እሁድ በየዲኤስቲቪ ቤቱ የቡድኖች አሰላለፍ በቴሌቪዥኑ ላይ ሲወጣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። «ያ አጥቂያቸው የት ሄደ? ባለፈው ሳምንት ሁለት አግብቶ የለም እንዴ? ተጎዳ?» ይላል አንዱ። «ኧረ አልተጎዳም፤ ውሰት ነው እኮ! የዛሬው ተጋጣሚ ባለቤቱ ስለሆነ አይገባም» ብሎ ሌላው ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ ክርክር ነው። ግማሹ «ትክክል ነው» ይላል፤ ግማሹ «ይሄማ ማጭበርበር ነው» ይላል። ጨዋታው ተጀምሮም ክርክሩ አያልቅም።

ይህ ክርክር የዋዛ አይደለም። ዋንጫ የሚወስደውንና ወደ ታችኛው ሊግ የሚወርደውን የሚወስኑት ጥቂት ነጥቦች ናቸው። በመሆኑም በዚህ እትም በትልልቅ ክለቦች መካከል ተጫዋች መዋዋስ መፈቀድ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ጥያቄ ከነምሳሌው እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ውሰት ሲባል ምን ማለት ነው?

ውሰት ማለት አንድ ክለብ በውል የያዘውን ተጫዋች ሳይሸጠው ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለግማሽ ወይም ለአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን፣ ለሌላ ክለብ መስጠት ነው። ተጫዋቹ የሚለብሰው የተዋሰውን ክለብ ማሊያ ነው፤ የሚታዘዘውም ለዚያ ክለብ አሰልጣኝ ነው። ደሞዙን ሁለቱ ክለቦች እንደ ስምምነታቸው ይካፈሉታል፤ ወይም አንደኛው ብቻውን ይከፍላል። ጊዜው ሲያልቅ ልጁ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በውሉ ውስጥ ከገባ ደግሞ የተዋሰው ክለብ በተስማሙበት ዋጋ ሊገዛው ይችላል።

ነገሩ ጎረቤት ከጎረቤት ምጣድ እንደሚዋዋሰው ነው። እንጀራው የጋጋሪዋ ነው፤ ምጣዱ ግን የባለቤቷ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ምጣድ ያዋሰችውና የተዋሰችው ጎረቤታሞች በእንጀራ አይወዳደሩም። በአንድ ሊግ ውስጥ ያሉ ሁለት ክለቦች ግን ለአንድ ዋንጫ ይሻማሉ። አዋሹ ዕቃውን የሰጠው ለተፎካካሪው ነው፤ ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

የእንግሊዝ ታሪክ

በእንግሊዝ ወጣት ተጫዋችን ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን በውሰት መላክ የቆየ ልማድ ነው። ዴቪድ ቤካም እንኳ በ1995 ከማንችስተር ዩናይትድ ወደ ፕሬስተን ሄዶ ተጫውቶ ተመልሷል። የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች እርስ በርሳቸው እንዲዋዋሱ የተፈቀደው ግን በ2003 ነው። በዚያው የውድድር ዘመን ቼልሲ ካርልተን ኮልን ለቻርልተን፣ ሚካኤል ፎርሴልን ደግሞ ለበርሚንግሃም አዋሰ።

ብዙም ሳይቆይ ችግሩ ፈጦ ወጣ። ኮንጎአዊው አጥቂ ሎማና ሉአሉአ በ2004 መጀመሪያ ከኒውካስል ወደ ፖርትስማውዝ በውሰት ሄደ። በውሉ ውስጥ «በእኛ ላይ አይሰለፍም» የሚል ቃል አልተጻፈም ነበር። በየካቲት ወር መጨረሻ ሁለቱ ክለቦች ሲገናኙ ሉአሉአ ተሰለፈ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረውም በገዛ ክለቡ መረብ ላይ አስቆጥሮ ውጤቱን 1 ለ 1 አደረገው። ኒውካስል በገዛ እጁ ያዋሰው ልጅ ሁለት ነጥብ ወሰደበት ማለት ነው። የኒውካስል ደጋፊዎች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

ከዚያ በኋላ ሊጉ ደንቡን አጠበቀ። የውሰት ተጫዋች በባለቤቱ ክለብ ላይ በሊጉ ጨዋታ እንዳይሰለፍ ተከለከለ። ከዚህም ሌላ አንድ ክለብ ከሌሎች የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በአንድ ጊዜ ከ2 ተጫዋች በላይ፣ ከአንድ ክለብ ደግሞ ከ1 ተጫዋች በላይ በውሰት መያዝ አይችልም።

ይፈቀድ የሚሉት ምን ይላሉ?

የውሰት ደጋፊዎች ብዙ ምክንያት አላቸው፤ ምክንያታቸውም ውሃ የሚቋጥር ነው።

አንደኛ፣ ወጣት ተጫዋች የሚያድገው በመጫወት እንጂ በተጠባባቂ ወንበር ላይ በመቀመጥ አይደለም። ጃክ ዊልሼር በ2010 ከአርሰናል ወደ ቦልተን ሄዶ በፕሪሚየር ሊግ ተሞከረ፤ ሲመለስ የአርሰናል ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። ዳንኤል ስተሪጅ በ2011 ከቼልሲ ወደዚያው ወደ ቦልተን ሄዶ በ12 ጨዋታ 8 ጎል አገባ። ሃሪ ኬን የቶተንሃም ቋሚ አጥቂ ከመሆኑ በፊት ሌይተን ኦሪየንት፣ ሚልዎል፣ ኖርዊች እና ሌስተር ድረስ ዞሯል። ውሰት ባይኖር ኖሮ እነዚህ ልጆች ያንን ሁሉ ጨዋታ ከየት ያገኙ ነበር?

ሁለተኛ፣ አነስተኛው ክለብ ሊገዛው የማይችለውን ተጫዋች ያገኛል። ዌስትብሮም በ2012 ሮሜሉ ሉካኩን የመግዛት አቅም አልነበረውም። በውሰት ግን ከቼልሲ አገኘው፤ ልጁም 17 የሊግ ጎል አገባለት። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን ያስቆጠረው በግንቦት 2013 ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ማንችስተር ዩናይትድን ለመጨረሻ ጊዜ በመሩበትና 5 ለ 5 በተጠናቀቀው ጨዋታ ላይ ነው። ተመልካቹም ቢሆን ያንን የመሰለ ትርዒት ያየው ውሰት ስለተፈቀደ ነው።

ሦስተኛ፣ ተጫዋቹም ሠራተኛ ነው። አሰልጣኙ ፊት ቢነሳው ሌላ ቦታ ሄዶ እንጀራውን ማብሰል አለበት። ውሰት ይህን በር ይከፍትለታል።

አይፈቀድ የሚሉትስ?

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ጣታቸውን የሚቀስሩት በኢማኑኤል አዴባዮር ላይ ነው። ቶጎአዊው አጥቂ በነሐሴ 2011 ከማንችስተር ሲቲ ወደ ቶተንሃም በውሰት ሄደ። ከደሞዙ ከፍተኛውን ድርሻ ሲቲ ይከፍል እንደነበር በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። አስቡት እንግዲህ፤ ሲቲ ለተፎካካሪው አጥቂ ደሞዝ እየከፈለ ነው። ቂልነት ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም።

አዴባዮር በዚያ ዓመት ለቶተንሃም 17 የሊግ ጎል አስቆጠረ፤ ቼልሲንም አርሰናልንም ጎል አገባባቸው። ሲቲ ላይ ግን በደንቡ መሠረት መሰለፍ አልቻለም። ሲቲ ቶተንሃምን በመጀመሪያው ጨዋታ 5 ለ 1፣ በሁለተኛው 3 ለ 2 አሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ ሲቲና ዩናይትድ እኩል 89 ነጥብ ያዙ፤ ሲቲ በ8 ጎል ልዩነት ብቻ ዋንጫውን ወሰደ።

ፍርደ ገምድል እንዳንሆን ሌላውንም እንናገር። ዩናይትድ አዴባዮር ባለበት በቶተንሃም ሜዳ 3 ለ 1 አሸንፏል። ስለዚህ «ሲቲ ዋንጫውን የወሰደው በውሰት ነው» ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ «ውሰቱ ምንም አልጠቀመውም» ማለትም አይቻልም። ውድድር ካለቀ በኋላ እንዲህ ያለ መልስ የሌለው ጥያቄ የሚያስከትል ደንብ ጥሩ ደንብ ነው ወይ?

ሂሳቡ ግልጽ ነው። በ20 ክለቦች ሊግ ውስጥ የተዋሰው ክለብ ከ18ቱ ክለቦች ጋር ሲጫወት ሙሉ ኃይሉን ይዞ ይገባል። ከባለቤቱ ጋር ሲጫወት ብቻ አጥቂው ጎድሎበት ይገባል። ስለዚህ አዋሹ ሁለት ጊዜ ይጠቀማል፤ በራሱ ላይ የማይተኮስ ጠመንጃ በተፎካካሪዎቹ ላይ ይተኮስለታል። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንደሚሉት ነው። ሀብታሙ ክለብ ባላውን የሚተክለው ግን በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ነው።

ውሰቱ ካለቀ በኋላም ጥላው ላይለቅ ይችላል። አሜሪካዊው በረኛ ቲም ሃዋርድ ከማንችስተር ዩናይትድ ወደ ኤቨርተን በውሰት ሄዶ በየካቲት 2007 ዝውውሩ ቋሚ ሆነ። በሚያዝያ ወር ሁለቱ ሲገናኙ ግን በክለቦቹ መካከል በተደረገ ስምምነት ምክንያት አልተሰለፈም። ኤቨርተን 2 ለ 0 ይመራ ነበር። ከዚያ ተተኪው በረኛ የማዕዘን ምት ኳስ ከእጁ አመለጠውና የዩናይትድ የመጀመሪያ ጎል ገባ፤ ጨዋታውም 4 ለ 2 በዩናይትድ አሸናፊነት አለቀ። ዩናይትድ በዚያ ዓመት ቼልሲን አስከትሎ ሻምፒዮን ሆነ። የቼልሲ ደጋፊ ያን ቀን ቢናደድ ማን ይፈርድበታል?

በእርግጥ ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። በመስከረም 2013 ኤቨርተን ከቼልሲ የተዋሰውን ሉካኩን ሳያሰልፍ ቼልሲን 1 ለ 0 አሸንፏል። ነገር ግን «ያለ አጥቂውም አሸነፈ» የሚለው ለኤቨርተን ምስጋና ነው እንጂ ለደንቡ ማስረጃ አይሆንም።

በሻምፒዮንስ ሊግ እንዴት ነው?

በአውሮፓ ውድድር አሠራሩ የተለየ ነው፤ ታሪኩም ጣፋጭ ነው።

በ2004 ሪያል ማድሪድ ፈርናንዶ ሞሪየንቴስን «አያስፈልገኝም» ብሎ ለሞናኮ አውሶት ነበር። ዕድል ፈንታው ሆነና በሩብ ፍጻሜው ሁለቱ ተገናኙ። ማድሪድ በሜዳው 4 ለ 2 አሸነፈ፤ ከሞናኮ ጎሎች አንዷ የሞሪየንቴስ ነበረች። በመልሱ ጨዋታ ሞናኮ 3 ለ 1 ሲረታ ሞሪየንቴስ አሁንም አገባ። ማድሪድ ከሜዳ ውጪ በተቆጠሩ ጎሎች ብልጫ ከውድድሩ ወጣ፤ ሞናኮም እስከ ፍጻሜው ተጓዘ። በዚያ ዓመት የሻምፒዮንስ ሊግ ከፍተኛ ጎል አግቢም ይኸው «አያስፈልግም» የተባለ አጥቂ ሆነ።

በ2014 ደግሞ የቼልሲው በረኛ ቲቦ ኩርቱዋ በውሰት አትሌቲኮ ማድሪድ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ሁለቱ ሲደርሳቸው «በቼልሲ ላይ ከተሰለፈ አትሌቲኮ ገንዘብ ይከፍላል» የሚል የውል አንቀጽ እንዳለ ተሰማ። የአትሌቲኮ ፕሬዚዳንትም ክፍያው ከአቅማችን በላይ ነው አሉ። በዚህ ጊዜ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር፣ ዩኤፋ፣ ጣልቃ ገብቶ በውድድሩ ውስጥ አንድ ክለብ ሌላው ክለብ ማንን ማሰለፍ እንዳለበት ሊወስንለት አይችልም፣ እንዲህ ያለ አንቀጽም ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ። ኩርቱዋ ሁለቱንም ጨዋታ ተሰለፈ፤ አትሌቲኮም በለንደን 3 ለ 1 አሸንፎ ለፍጻሜ አለፈ። ከዚያስ? ቼልሲ ቂም ያዘበት? አልያዘም። በዚያው ክረምት መልሶ ወሰደው፤ በተከታዩ ዓመትም ከእሱ ጋር የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሳ።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉም ይብሳል። በነሐሴ 2020 ባየርን ሙኒክ ባርሴሎናን ሊዝበን ላይ 8 ለ 2 ሲቀጣው፣ ተቀይሮ ገብቶ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጎሎች ያስቆጠረው ፊሊፔ ኮቲንሆ ነበር። ባለቤቱ ማን ነበር? ባርሴሎና!

ከእነዚህ ሦስት ምሳሌዎች አንድ ነገር እንማራለን። ተጫዋቹ ማሊያውን ከለበሰ በኋላ በሙሉ ልቡ ይጫወታል። «ባለቤቱ ስለሆነ ይለግማል» የሚለው ስጋት በእነዚህ ታላላቅ መድረኮች ላይ አልታየም።

እርግጥ አንድ ሐቅ አለ። የውሰት በረኛ በባለቤቱ ላይ ተሰልፎ ቀላል ኳስ ቢያመልጠው «ሆን ብሎ ነው» መባሉ አይቀርም። ክልከላው ልጁን ከሐሜት ይጠብቀዋል የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ሐሜትን ፈርቶ የጨዋታውን ሚዛን ማዛባት፣ ሌባን ፈርቶ ገበያ እንደመዝጋት ይቆጠራል። በሚቀጥለው ዓመት ወደሚሄድበት ክለብ አስቀድሞ የፈረመ ተጫዋችም እኮ በዚያው ክለብ ላይ ይሰለፋል፤ ማንም አይከለክለውም።

የተጫዋቹ ኑሮስ?

ስለ ክለቦች ስናወራ ልጁን መርሳት የለብንም። ቼልሲ ባለፉት ዓመታት በአንድ ጊዜ ከ30 በላይ ተጫዋቾችን በየሀገሩ በውሰት ያሰማራበት ጊዜ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ክሮኤሺያዊው በረኛ ማቴይ ዴላች ነው። በ2010 ቼልሲን ተቀላቅሎ በ2018 ሲለቅ ለዋናው ቡድን አንድም የውድድር ጨዋታ ሳይሰለፍ ነው የሄደው። እነዚያን ዓመታት ያሳለፈው በሆላንድ፣ በቼክ፣ በፖርቱጋል፣ በሰርቢያ፣ በቦስኒያ፣ በፈረንሳይ፣ በቤልጅየምና በዴንማርክ ክለቦች እየዞረ ነው። ሻንጣ ፈትቶ ሳይጨርስ መልሶ ማሰር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ለአንባብያን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ ይህን አይቶ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ አዲስ ደንብ አውጥቷል። ከሀገር ወደ ሀገር የሚደረግ ውሰት ከአንድ ዓመት መብለጥ የለበትም፤ የተዋሰ ክለብ ልጁን መልሶ ለሌላ ማዋስ አይችልም፤ በሁለት ክለቦች መካከልም በአንድ አቅጣጫ ከ3 ተጫዋች በላይ መዋዋስ አይፈቀድም። ክለቡ በአጠቃላይ የሚያውሰውም ሆነ የሚዋሰው ቁጥር በመጀመሪያው ዓመት 8፣ ቀጥሎ 7፣ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ደግሞ 6 እንዲሆን ተወስኗል። ዕድሜያቸው 21 እና ከዚያ በታች የሆኑ፣ ክለቡ ራሱ ያሳደጋቸው ልጆች ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ወጣቱ እንዲጫወት በሩን ክፍት አድርጎ፣ ተጫዋች ማከማቸቱን ግን ማጥበብ ተገቢ እርምጃ ነው።

አዲሱ ፈተና ደግሞ አንድ ባለሀብት ብዙ ክለብ መያዙ ነው። ኒውካስልን የያዘው የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ በ2023 በሳዑዲ አራት ትልልቅ ክለቦች ላይ የበላይ ድርሻ ወሰደ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በአንድ ባለቤት ሥር ካለ ክለብ መዋስን ለጊዜው ለማገድ ድምፅ ሰጡ። 13 ደገፉ፣ 7 ተቃወሙ። ለማጽደቅ 14 ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር በአንድ ድምፅ ወደቀ። ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ማዛወር ውሰት ይባላል ወይ? ይህ ጥያቄ ገና ብዙ ያነጋግራል።

የእኛ አስተያየት

የሁለቱንም ወገን ክርክር ካየን በኋላ የዚህ አምድ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። ውሰት ጨርሶ መከልከል የለበትም፤ ወጣቱን ይጎዳል፤ አቅም የሌለውንም ክለብ ይጎዳል። በአንድ ሊግ ውስጥ ላሉ ክለቦች ግን ምርጫው ሁለት ብቻ መሆን አለበት። ወይ ልጁ ባለቤቱን ጨምሮ በሁሉም ላይ ይሰለፍ፤ ወይ እዚያ ሊግ ውስጥ አይዋስ። በሁሉም ላይ ተጫውቶ በአንዱ ላይ ብቻ መቀመጥ ግማሽ ፍትሕ ነው። ግማሽ ፍትሕ ደግሞ ፍትሕ አይባልም።

«እንዲያማ ከሆነ ማን ያውሳል?» ትሉ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ልጁ እንዲያድግ ብሎ ያዋሰ ክለብ ሁለት ጨዋታ አይፈራም። ሁለት ጨዋታ ፈርቶ የሚከለክል ከሆነ ግን መጀመሪያውኑ ያሰበው ለልጁ አልነበረም ማለት ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አነስተኛ ክለብ ጥሩ አጥቂ ሊያጣ ይችላል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባል የለ? የራሱን ልጅ ኮትኩቶ የሚያሳድግ ክለብ ዘላቂ ነው።

በእኛ ሜዳስ?

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ብቻ አይደለም። በካምፕ ውድድሮችም ተጫዋች መዋዋስ ያለ ነገር ነው። ከአንድ ቡድን ሦስትና አራት ልጆች በረራ ደርሷቸው ሲሄዱ፣ ሌላው ሲታመም፣ ሌላው ለሬሽን ሰልፍ ሲይዝ ቡድኑ መሙላት ስላለበት ከሌላ ብሎክ ይዋሳል። ክፋት የለውም። ጠብ የሚነሳው ያልተነጋገሩበት ነገር ሜዳ ላይ ሲመጣ ነው። በኳስ የተጀመረ ጭቅጭቅ ደግሞ ወደ ሰፈርና ወደ ዘር ሲዞር ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን።

ስለሆነም የውድድር ኮሚቴዎችና የቡድን መሪዎች የሚከተሉትን ቢያስቡባቸው መልካም ነው።

1. የውሰት ተጫዋች ስም ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ለኮሚቴው ይሰጥ። በጨዋታው ዕለት ጠዋት የሚመጣ ስም ተቀባይነት አይኑረው።

2. አንድ ቡድን ሊዋስ የሚችለው ቁጥር ይወሰን። ሁለት ይበቃል።

3. የተዋሰ ልጅ በባለቤት ቡድኑ ላይም መሰለፍ እንደሚችል ከመጀመሪያው ይታወቅ። ይህን ያልፈለገ ቡድን አያውስ፤ ወይም በሌላ ምድብ ላለ ቡድን ብቻ ያውስ።

4. ከሩብ ፍጻሜ በኋላ ውሰት ይቁም።

5. ከሁሉ በፊት ልጁ ራሱ ይጠየቅ፤ ዕድሜው ያልደረሰ ከሆነም ወላጁ ወይም አሳዳጊው ይወቅ። ልጅ ምጣድ አይደለምና።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ቡድን የምታሰለጥኑ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ የተለየ ሐሳብ ካላችሁ ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ጨዋታችሁ የሰላም፣ ዳኛችሁም የማያዳላ ይሁን።

ቸር ይግጠመን!